አያቴ የጠረበው ድንጋይ

ዛሬ ከልጄ ጋር የተሳፈርኩበት የከተማ ባቡር ለገሃር ሲደርስ ጥሩምባውን ነፋ። በደርግ ጊዜ፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ወደ ድሬዳዋ ለመሳፈር ከአባዬ ጋር ከጎባ የመጣንበት ቀን ትዝ አለኝ።

አባዬ ጣቢያው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። ዘበኛው ሳቀ።

«አባባ፣ ቤተክርስቲያን መሰለዎት እንዴ? ባቡር ጣቢያ እኮ ነው።»

ሰው ሲያየን አፈርኩና እጁን ጎተትኩት። አባዬ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ይሄን ድንጋይ የጠረበው አባቴ ነው፤ ከባሌ ድረስ በእግሩ መጥቶ።»

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ በሩን ከፈተልን። ነገሩ በቅጡ ባይገባኝም እፍረቴ ለቀቀኝ።

የጅቡቲው ባቡር አሁን የሚነሳው ከከተማ ዳር ነው፤ አሮጌው ጣቢያ ግን እዚያው ቆሟል። ወርጄ ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት።

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው» ብላ ልጄ እጄን ጎተተች።

«ይዩን» አልኳት።