የጥጥ ለቀማው ትኩሳት

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በኮልፌ ብርድ ወባ እንደማትኖር ሲናገር አዋጅ ያወጣባት ይመስል ነበር። እርግጥ ነው፣ ትንኟ ከሰፈራችን ውርጭ ጋር አትስማማም። ነገር ግን ወጣቶቻችን በየዓመቱ ለጥጥ ለቀማ እየተባሉ በካሚዮን ወደ ቆላ ይጫኑ ነበር፤ ሲመለሱ በሽታውን በደማቸው ይዘውት ይመጣሉ። እኔ ያኔ የቀበሌው የጤና ወኪል ነበርኩ። የሴቶች ማኅበሩ መርጦኝ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን መድኃኒት ተሰጥቶኛል። ሰፈርተኛው «ሐኪሟ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያሹፍ፤ ትኩሳት ሲይዘው የሚያንኳኳው ግን የእኔን በር ነው።

አጥር የምንጋራቸው እማማ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር። ያ ልጅ ከለቀማ በተመለሰ ሰሞን ያንቀጠቅጠው ጀመር። የወባውን ክኒን፣ ክሎሮኪን፣ ሰጠሁት፤ አወሳሰዱንም ለእማማ አስረዳኋቸው። ትኩሳቱ በረድ አለና እንደገና ተነሣ። ጨምሬ ሰጠሁ፣ ያው ሆነ። ልጁ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀረ። አንድ ጠዋት እማማ በሬ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይኼ ልጅ ከሞተብኝ ምን ቀረኝ?» አሉኝ። ነጠላዬን ደርቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁላችንም ድሬሰር የምንላቸው፣ ቁስል አጣቢም መርፌ ወጊም የሆኑ ጎልማሳ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ክሎሮኪን የማይበግረው ወባ ከቆላ እየመጣ ነው ይባላል» አሉኝ። «ሌላ መድኃኒት አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ለመጣው ሁሉ ከበተንነው ወባው እሱንም ይለምደዋል። መጀመሪያ የልጁ ወባ ክሎሮኪኑን እምቢ ማለቱን ማወቅ አለብን። ልጁ ሲውጥ በዓይንሽ አይተሻል?»

«እናቱ ውጧል ብለውኛል።»

«እናቱን አልጠየቅኩሽም።»

አነጋገራቸው ደስ አላለኝም፤ ልክ መሆናቸው ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ልጁ ይህን በደሙ ይዞ ቆላ ከተመለሰ፣ ትንኟ ከእሱ ወስዳ ለዚያ አገር ሰው እንደምታከፋፍለው ነገሩኝ። ክኒኑን እንደገና ሰጡኝና እኔ እያየሁት እንዲውጥ፣ ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ከተመለሰ ይዤው እንድመጣ አዘዙኝ።

በማግስቱ በማለዳ ስደርስ እማማ ልጁን አስነሥተው ይጠብቁኛል። ቁርስ ቀርቶ የቁርስ ሽታ የለም።

«በልቷል?» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው? መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው እንጂ። በልቶ ኮሶ የሚጠጣ ሰው የት አይተሻል?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እማማ ክኒኑን ሲሰጡ የኖሩት እንደ ኮሶ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ከዚያም እስከ እኩለ ቀን እያስራቡት። «ከዋጠ በኋላስ ምን ይሆናል?» ስላቸው ፊታቸው በራ። «ቢጫውን ያስመልሰዋል። ሐሞቱ ይወጣለታል» አሉኝ። ክኒኑም አብሮ እንደሚወጣ አላሰቡትም። በሽታው ተነቅሎ የወጣ መስሏቸው ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ ከርመዋል። ውጧል ያሉኝም እውነታቸውን ነበር።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ልጮህባቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን እኔም ኮሶ እየጠጣሁ ነው ያደግኩት፣ በልቼ ብገኝ እናቴ አትምረኝም ነበር።

«ሳይበላ አልሰጥም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ውሰጂው፤ ልጄን አትገድይብኝ።»

ክኒኑን ጨብጬ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እማማ እንድወጣላቸው ከፊቴ ቆሙ። አልወጣሁም። ግትር ናት ሲሉኝ መስማት ያስለመደኝ ሰፈር ውስጥ ነው የኖርኩት፤ ያን ቀን ስሜን በደንብ ተጠቀምኩበት። በመጨረሻ ልጁ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ «እማዬ፣ ኧረ ልብላ» አለ።

አጥሚቱን እየተመናጨቁ ሠሩለት። ጠጣ፣ ዋጠ፣ እኔም ሆዱ ውስጥ መርጋቱን እስካምን ድረስ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ክኒኑ ገላውን ሁሉ ያሳክከው ስለነበር በቃኝ እያለ ይለምነኛል፤ ጀርባውን እያከክሁለት ገና ነው እለዋለሁ። መድኃኒቱን እስኪጨርስ በየማለዳው ተመላለስኩ። አንድም ጊዜ አላስመለሰውም።

ትኩሳቱ ጠፋ። እማማ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወሩልኝ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር።

የተሰማኝ ተስፋ መቁረጥ አልነበረም፤ ቁጣ ነው። ቢሆንም ክኒኑ ሆዱ ውስጥ መቅረቱን አይቻለሁና ከማን ጋር እንደምንጣላ አሁን ታውቋል። ልጁን ከእማማ ጋር ደግፈን ተሳፋሪውን ከኋላ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ውይይት ታክሲ ወደሚቆምበት ወሰድነው። ሾፌሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው አልጭንም አለ፤ የኋላ በሩን ይዤ እንደማልለቅ ሲገባው ጫነን።

«ሲውጥ አይተሻል?» አሉኝ ድሬሰሩ።

«አይቻለሁ።»

«አላስመለሰውም?»

«አጠገቡ ነበርኩ። አላስመለሰውም።»

ከጣቱ ደም ወስደው አስመረመሩ፤ ወባው አለ። ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ቁም ሣጥኑን ከፍተው ያንን የሚሳሱለትን መድኃኒት አወጡ። ክኒኑ ገና ከእጃቸው ሳይወጣ እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ዳቦ ፈትተው ለልጃቸው ያጎርሱት ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም።

ልጁ ዳነ። ትኩሳቱም ዳግመኛ አልተመለሰበትም።

ከሰነባበተ በኋላ እማማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መጀመሪያውኑ በባዶ ሆዱ ባልሰጠው ኖሮ፣ ያን ሁሉ ሳይሠቃይ ይድን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

አይድንም ነበር ብል ያምኑኝ ነበር፤ እፎይ ብለውም ያድሩ ነበር። ግን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው። ይህን ማለት ሣጥኑን ተሸክሞ ሰፈሩን ከመዞር ሁሉ ከበደኝ።

የአጥሩን እንጨት ይነካኩ ጀመር። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ። አላለቀሱም።

«የሸማኔው ልጅ ትናንት ከቆላ ገብቷል። ያንቀጠቅጠዋል አሉ» አሉኝ። «ነገ ሳትጠሪኝ እንዳትሄጂ። እናቱ አንቺን አትሰማሽም፤ እሷም እንደ እኔ ናት።»