በመድኃኔዓለም ቀን የተተወው ሲንክ

ቤቴ የጭቃ ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የብሎኬት ቤት ያላቸው ሰዎች «ውሃ ፈሰሰ ተብሎ ይህን ያህል ጠብ ምንድን ነው?» ስለሚሉኝ ነው። ብሎኬት ቢርስ ይደርቃል። ጭቃ ግን ውሃ ከጠጣ ምርጊቱ ይላቀቃል፣ ጭዱ ይሸታል፣ ማገሩም መበስበስ ይጀምራል። ደብረ ታቦር ደግሞ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ልብስ እንኳ በወጉ አያደርቅም።

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከሩቅ አገር ለመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር አከራየሁ። ብርዱን አልለመደውምና በሌሊት ግቢ እንዳይወጣ ብዬ መታጠቢያ ቤት ከውስጥ አሠራሁለት። ቧንቧ ሠሪው ባለቤቴ ክርስትና ያነሣው ሰው ነው። የሁለት ልጆች አባት ሆኖም እስከ ዛሬ እማዬ ነው የሚለኝ።

ሥራውን በሁለት ቀን ሊጨርስ አስቦ አልሆነለትም። በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ዕለቱ የወሩ መድኃኔዓለም ነበር። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ዘልቄ ገባሁ።

«በመድኃኔዓለም ቀን በእኔ ቤት መዶሻ ይነሣል? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እማዬ፣ ሲንኩ አንድ ቡሎን ነው የቀረው። ከሥር ያለችውን ቱቦም በእጄ ብቻ ነው ያጠበቅኋት። አንዴ በመፍቻ ልሰራትና እወጣለሁ።»

«ነገ ታስራታለህ። ሲንክ እግር የለው፣ አይሸሽህም።»

ሣቅ አለና መፍቻውን ከቦርሳው ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ፣ «እሺ፣ ነገ እስክመጣ ዋናውን መዝጊያ እንዳይከፍቱት» አለኝ። የግቢውም የቤቱም ቧንቧ ከአንድ መዝጊያ ነው የሚነሣው። «ሰምቻለሁ፣ ሂድ» አልሁት። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ግድም ነበር፣ ፀሐይዋም ፍንትው ብላ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

በከተማችን ውሃ በፈረቃ ነው። ያን ጊዜ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ከምሳ በኋላ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ውሃ መጣ!» አለች። ይህን ቃል የሰማ የእኛ ከተማ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ሳይቀር ይደረደራል። ሮጬ መዝጊያውን ከፈትሁ። በርሜል ስሞላ፣ ከጎረቤቴ ጋር ስጫወት፣ እንስራ ስደርብ፣ መምህሩ ለሥራ እብናት ወርዶ ቤቱ ተዘግቶ ነበርና ከውስጥ የሚሆነውን ማን አየው? ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ እግሬን ሲነካኝ ነው የባነንሁት። ገብቼ ሳይ ሲንኩ በአንዲት ቡሎን ተንጠልጥሏል፣ ቱቦዋ ወልቃ ግድግዳውን ትገርፋለች፣ ፍራሹ ርሷል፣ ከታችኛው መደርደሪያ ያሉት መጻሕፍት አብጠዋል። የግድግዳው ምርጊት እስከ ወገቤ ድረስ ተላቅቆ ወድቋል።

ቧንቧ ሠሪው እንዳለው በማግስቱ መጣ። ክፍሉን አየ። ቀጥሎ ግቢ ያለውን መዝጊያ አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። እኔም ቀደምሁት።

«ይኸው ሥራህ» አልሁት።

ከየት አፌ እንደገባ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ማነው የሰበረው?» እያልሁ ተማሪ የቀጣሁ ሴት ነኝ። እሱ ጫማውን አውልቆ ውሃውን መጥረግ ጀመረ፣ ቱቦዋንም በመፍቻ አሰራት።

መምህሩ ከእብናት ሲመለስ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ካሳ አልፈልግም» አለ፣ «እንዴት እንደሆነ ብቻ ልወቅ። ሳላውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ መተኛት እፈራለሁ።»

«የቧንቧ ሠሪው ጥፋት ነው» አልሁት። ቆየት ብዬም ሲንኩ ራሱ እንከን አለበት አልሁ። ደግሞም ውሃው በኃይል ስለመጣ ነው አልሁ። ለጎረቤት ነገርሁ፣ በገበያ ነገርሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነገርሁ። በነገርሁት ቁጥር ለራሴም እውነት እየመሰለኝ ሄደ። በመጨረሻ ሽማግሌ ይቀመጥ ያልሁትም እኔው ነኝ፣ ማን ጠየቀኝ?

ከተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠሩ ሰው ነበሩ። የአሥራ አንዱን መታጠቢያ ቤት ሥራ ለዚሁ ቧንቧ ሠሪ ሊሰጡት ቃል ገብተው ነበር። ያ ሥራ ካልሆነ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ መተማ ቆላ ለቀን ሥራ ሊወርድ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ግቢዬ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩና ወደ ቧንቧ ሠሪው ዞሩ።

«ሥራውን ጨርሰህ ነበር?»

«አልጨረስሁም።»

«ስለ ምን?»

የነጠላዬን ጥለት ጨብጬ ያዝሁ። እሱ ወደ እኔ ዘወር ብሎ እንኳ አላየም።

«መሸብኝ» አለ።

በጠራራ ፀሐይ ያባረርሁት ሰው መሸብኝ አለ። ባሏ ክርስትና ያነሣውን ሴት፣ እማዬ የሚላትን፣ በሽማግሌ ፊት ማዋረድ ከየት ይምጣለት? ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ የሚጨምሩት አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልሁ።

ግድግዳውን በገዛ እጁ እንዲመርግ፣ መምህሩንም ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ። ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመኝ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ጋቢያቸውን እያራገፉ «የአንተን ነገር እንግዲህ እናያለን» አሉት። በእኛ አገር እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘ። ጨው ልገዛ ወጥቼ ጧፍ ይዤ እመለሳለሁ። ወጥ አሳርራለሁ። ወተት የምታመጣልኝን ሴትዮ ያለ ነገሯ ተቆጣኋት። ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም። «በዓል ማክበር ጥፋት ነው እንዴ?» እያልሁ ብቻዬን እከራከራለሁ። ግቢ በወጣሁ ቁጥር ያ መዝጊያ ፊት ለፊቴ ነው። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ አሮጌ እንስራ ደፋሁበት። የደፋሁት እንስራም መዝጊያውን መሰለኝና አረፈው።

ሊመርግ የመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። ከቅዳሴ ስመለስ ሱሪውን ሰብስቦ ግቢዬ መካከል ጭቃና ጭድ ይረግጣል። ዕለቱ ደግሞ መድኃኔዓለም ነው።

«ዛሬ እኮ…» ብዬ ጀመርሁ።

«አውቃለሁ እማዬ» አለኝ። «ግን ከእንግዲህ ጀምሬ የምተወው ሥራ የለም።»

ቁጣ የለበትም። እግሩን ማንሣት መጣሉንም አላቆመም። ምነው በተቆጣኝ አልሁ በልቤ።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ በአጥሬ ያልፋል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በራችን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በከዘራቸው ወደ ጭቃው እያመለከቱ «በበዓል ቀን? ጭራሽ በዓልም ሻርህ?» አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። እንደገና በእኔ ፈንታ ዝም ሊል ነው።

ጫማዬን መቼ እንዳወለቅሁ አላስታውስም። በነጭ ቀሚሴ ከጭቃው ገባሁ። ብርዱ እስከ ጉልበቴ ወጣ።

«የእኔ ሥራ ነው የሚሠራው» አልሁ። «ያን ዕለትም አልመሸበትም፣ በዓል ነው ብዬ ያስቆምሁት እኔ ነኝ። መዝጊያውን አይክፈቱ ብሎኝ የከፈትሁትም እኔ ነኝ። እናንተ ፊት የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

መምህሩ ድምፄን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ይህን ነበር የጠየቅሁት» አለ ቀስ ብሎ፣ ተመልሶም ገባ።

ሽማግሌው እግሬን አዩት። «እትዬ፣ የሚጨምሩት አለ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

ቀጥለው ለእሱ «ሰኞ መሣሪያህን ይዘህ ና» አሉትና ሄዱ። እኔን ደህና ይዋሉ እንኳ አላሉኝም። ከዚያ ወዲህም ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አጭር ነው።

ሁለታችን ጭቃው ውስጥ ቀረን። ይቅር ብዬዎታለሁ የሚል ነገር ጠበቅሁ። ቢቆጣም ዝግጁ ነበርሁ። እሱ ግን መርገጡን ቀጠለ፣ እኔም አጠገቡ እረግጥ ጀመር። ብዙ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከጭቃው ሳያነሣ፣

«እማዬ» አለኝ፣ «ውሃ ይጨምሩበት፣ ደርቋል።»

ሄጄ እንስራውን አነሣሁና መዝጊያውን ከፈትሁ። ደግነቱ የዚያን ዕለት ውሃ ነበር።