ሬንጅ የጠጣው አሸዋ ሊዝ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በስደት፣ ደንዉዲ በምትባል ከተማ አንድ የጠበቃ ቢሮ ፋይል አስቀማጭ ነበርኩ። ወረቀት እደረድራለሁ፤ በተጣለው ወረቀት ጀርባ ግጥም እሞክራለሁ። ከሁሉ ያስደነቀኝ የአንድ ሽማግሌ ደንበኛ ፋይል ነው። ዩታ በሚባል ሩቅ የምዕራብ ግዛት፣ የመንግሥት መሬት ላይ፣ ነዳጅ የሚያወጡበት ሊዝ ነበራቸው። ቦታው ላይ የሚፈስ ነዳጅ ግን የለም። ያለው ሬንጅ የጠጣ አሸዋ ነው፤ የድሮው ሊዝ ደግሞ አሸዋውን አይጨምርም። አዲስ ሕግ ወጣ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ የሥራ ዕቅድ አያይዞ ያመለከተ፣ ሊዙ ሁለቱንም ወደሚይዝ ሊዝ ይለወጥለታል። የዘገየ ቀረበት።

ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ባደግኩበት አገር፣ መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ ወሬው እዚያው ያልቃል። እዚህ ከዚያ ይጀምራል! ተራራ ሳይነካ፣ በአንድ አንቀጽ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ስም ይለወጣል።

ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው ፋይሉ ጠፋ። የተፈረመው ዕቅድ ከነካርታው እሱ ውስጥ ነው። ጠበቃዋ መሳቢያ በመሳቢያ ገለበጠች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩናል።

ፖስታ ክፍል የሚሠሩት ጋሼ፣ አገር ቤት የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም የነበሩት፣ በጣታቸው ጠሩኝ።

«በማን ስም አስገባኸው?»

«በራሳቸው ስም ነዋ፣ ጋሼ።»

«በራሳቸው! አንተ ባለቅኔ፣ እዚህ ሰው የሚፈለገው በቤተሰቡ ስም ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ግማሹን ቢሮ እንዲሁ ቀብሬው ነበር።»

ሮጥኩ። ፋይሉ እኔ ባስቀመጥኩበት፣ በሽማግሌው በራሳቸው ስም ተኝቷል። ጠበቃዋ አንዴ አየችኝና «ነገ ሁሉንም በቤተሰብ ስም እንደገና ትደረድራለህ» ብቻ አለች። ጋሼ ማመልከቻውንና ዕቅዱን ፖስታ ውስጥ አሽገው፣ በአውሮፕላን እንዲሄድ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ኤርፖርት ድረስ ነዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ከዩታ ተደወለ፤ ማመልከቻው ደርሶ ማኅተም ተመቶበታል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ጥቁር የአሸዋ ድንጋይ አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ከመሬትዎ ነው?» አልኳቸው።

«መሬቱስ የመንግሥት ነው» ብለው ሳቁ። «ካጸደቁልኝ ግን ይሄም በሊዜ ይቆጠርልኛል።»

እጄ ሲያሞቀው አዲስ አስፋልት አስፋልት ሸተተ።