እልልታ የማይሰነጥቀው ስፒከር

ሐዘን ያለበት ቤት ዓመቱ ሳይወጣ ሬዲዮ አይከፈትም። በእኛ በመንዝ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ባለቤቴ በሞተች በጥቂት ወሯ ስፒከር ልገዛ መሐል ሜዳ ከተማ ስሄድ ጎረቤቶቼ ያሉትን ብለዋል። ይበሉ።

ዘፈን አልፈለግሁም። የፈለግሁት የሷን ድምፅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የልጅ ልጃችን ክርስትና ሲነሣ፣ እሷ በከበሮ ስትዘፍንና እልል ስትል ልጄ በስልኳ ቀድታታለች። ስልኩ ግን ድምፅዋን ቅል ውስጥ የገባች ንብ አስመስሎታል። ዕድሜ ልኳን አጠገቤ ስትናገር የኖረችን ሴት እንዲህ አድርጌ አልሰማም ብዬ ተነሣሁ። ልጄም ፊቷን አጥቁራ ተከተለችኝ።

ባለሱቁ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ መብራቱ የሚብለጨለጭ ሣጥን አወጣልን።

«አባባ፣ ይሄ ቤት ያንቀጠቅጣል።»

«የኔን ቤት ነፋሱም ያንቀጠቅጠዋል። ሰው ያሰማል ወይ?»

ከልጄ ስልክ ጋር አያይዞ ቅጂውን ከፈተው። ወጣት ሳለሁ በየሠርጉ ከበሮ መቺ ነበርኩና በከበሮው መዘንኩት። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ይሄ ሣጥን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ዱም ዱም ይላል። ኃይል አለው፣ አልዋሽም፤ ዳስ ውስጥ ለሚጨፍር ሰካራም ይበቃል። የእሷ ድምፅ ግን ከሥር ቀረ።

«አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብራትም» አልኩት። ባለሱቁ ከዚያ በኋላ ቀልዱን ተወ።

ሁለተኛው ከመጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ ነገር ነው። ቃሏ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ከበሮው ግን ጣሳ ሆነ፣ እልልታው ከፍ ሲል ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ተንሿሿ።

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጡ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች አየሁ። አገር የለቀቀ ሰው የሸጣቸው ናቸው።

«ያረጁ ናቸው አባባ። መብራትም የላቸው፣ የሚጠይቃቸውም የለ።»

«እኔንም የሚጠይቀኝ የለም። ክፈታቸው።»

ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው። ከበሮው ሁለቱንም ፊቱን አገኘ። እሷም ከሁለቱ መካከል፣ ምንም ከሌለበት ከባዶው ቦታ ላይ ቆማ ዘፈነች። እልልታው ወጣ፣ ወጣና ሳይሰነጠቅ አለቀ። ከዚያ ትንፋሿን ስትስብ ከደረቷ ሲር የሚል ነገር ተሰማ፤ በበር ሥር እንደሚገባ ነፋስ።

«ዕቃው ነው» አለች ልጄ ቶሎ ብላ።

ባለሱቁ ገመዱን ነካክቶ ደገመው። እልልታው ባለቀ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ሲር ይላል።

«ዕቃው አይደለም። ቅጂው ውስጥ ያለ ነው» አለ።

ያንን ድምፅ እኔና ልጄ እናውቀዋለን። በመጨረሻው ክረምቷ እሱን ስንሰማ ከርመናል። ለለቀስተኛው ሁሉ ብርዱ ድንገት ጣላት፣ በአንድ ክረምት አለቀች እያልን ነበር የምንናገረው። ለካ ክርስትናው ላይ፣ ዳስ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብላት፣ በሽታው ይዟት ኖሯል።

ልጄ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቆየችና «አባዬ፣ ትንሹን ይውሰዱ። እሱ ላይ ይሄ የለም» አለችኝ።

«እሱ ላይ እሷም ሙሉ የለችም።»

«እኔ ይሄን እየሰማሁ እዚያ ቤት አልገባም።»

«እንዳሻሽ» አልኳትና ሁለቱን የእንጨት ሣጥኖች አስጫንኩ።

ከነሱም ጉድለት አይጠፋም። ግድግዳ ካስጠጓቸው ከበሮው ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ስንዝር አራቅኋቸው። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ዝም ብለው የተቀመጡ እንጨት ናቸው፣ መብራቱም በእኛ አገር ደጋግሞ ይጠፋል። ከዚያ ሌላ እንከን አላገኘሁባቸውም።

ልጄ እንዳለችውም ብዙ ጊዜ ቀረች። አሁን ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትመጣለች። ጥቁሯን እንደለበሰች መደብ ላይ ትቀመጥና ራሷ ትከፍተዋለች። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው «ሽማግሌው ዓመቷ ሳይወጣ ዘፈን ጀመረ» ሲል እንሰማለን።

እልልታው ሲያልቅ የልጄ እጅ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል።

«ተይው» እላታለሁ።

እጇን ትመልሳለች። ያንን ሲርታ ሰምተን፣ ከበሮው እንደገና እስኪነሣ እንጠብቃለን።