ውታይ ተራራ ያልደረሰው ስለት

«እማማ፣ እውነት ቻይና ልትሄጂ ነበር? ንገሪን እንጂ» እያሉ የልጅ ልጆቼ ከያዙኝ ሰነበቱ። አዎ፣ ልሄድ ነበር።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ የሐበሻ ሱቅ በሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ልብስ የምታስተካክል ቻይናዊት ነበረች። የሁላችንንም የሐበሻ ቀሚስ የምታሳጥረው እሷ ናት። በስባሪ እንግሊዝኛ እንግባባለን፤ ስንሳሳት አንተራረምም። አንድ ቀን መርፌዋን ሰክታ፣ አገሯ ውታይ የሚባል ቅዱስ ተራራ እንዳለ፣ እዚያ የምታደርሰው ስለት እንዳለባትና ሳታደርስ መሞት እንደማትፈልግ ነገረችኝ።

«አንቺም ትሄጃለሽ» አለች።

መንገድ እንደምወድ ስለምታውቅ መሰለኝ፤ ቁልቢም ግሸንም በእግሬ ሄጃለሁ። ስለቱ የምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በእኛ ደንብ፣ እስኪደርስ ድረስ የሰው ስለት አይጠየቅም።

ጉዞውን እዚያው ሱቋ ውስጥ ስናቅድ ከረምን። የተራራው መነኮሳት ሥጋ አይቀምሱም ስትለኝ፣ «እንግዲያ በጾም እንሂድ፣ ምግብ አልቸገርም» አልኳት። ደረጃው ብዙ ነው፣ ፈረስ ይከራያል አለች።

«ስለት በፈረስ? ጉልበትሽን ለማን ነው የምትቆጥቢው?»

«አንቺ በእግርሽ ውጪ። እኔ ቀድሜ ወጥቼ እስቅብሻለሁ።»

የንስሐ አባቴን ሳማክር ግን «መቅደሳቸው አትገቢም፣ ልጄ፤ በር ላይ ቆመሽ ጠብቂያት» አሉኝ። ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

«በሩም ይበቃል፤ ከዚያም ትታያለሽ» አለች በመጨረሻ።

ሻንጣ ገዛን። ከዚያ ሳሉ ጀመራት። ቲኬቱን አዘገየን፣ ደግመን አዘገየን። ሆስፒታል ገብታ ልጠይቃት ስሄድ፣ እጇን ይዤ «እኔ ላድርስልሽ፤ የምለውን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

«ብቻሽን አይሆንም» አለች።

መንገድ የሚጠፋኝ መስሏት ነው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ። በዚያው ሳምንት ሞተች።

ከሞቷ ይልቅ ስለቷን ሳታደርስ መሄዷ ሲያንገበግበኝ ኖረ። ሱቁ ሌላ ሰው ገባበት። በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ፤ ዞሬ እሄዳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ሴት ልጇን አገኘኋትና ስለእናቷ ስናወራ ቆየን። ስለቱ የምን እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ጉዞውን ከማሰባችን በፊት፣ እኔ ልቤን ታምሜ፣ ራሴን ስቼ ሆስፒታል በተኛሁበት ጊዜ፣ እናቷ ሱቋን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ አገሯ አዙራ፣ የተራራውን ቅዱሳን «ይህች ሴት ከተነሣች ይዣት መጥቼ በእግሯ መቆሟን አሳያችኋለሁ» ብላ ተስላ ነበር።