የዘጠና አምስት ብር ሽቦ

አባቴ ገብረዋሕድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሙያውን የተማረው አስመራ ውስጥ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ፣ ለሆዱ ብቻ እያደረ። ትግራይ ውስጥ አጋመ የሚኖሩት ወላጆቹ የቤተ ክህነት ሰዎች ነበሩና፣ ልጃቸው ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ በየሰው ግድግዳ ላይ እንደሚንጠላጠል ሲሰሙ «ቀጥቃጭ ሆነ» ብለው አዘኑ። አያቴ የተመኘለት ጸሐፊ እንዲሆን ነበር። ብዕር የያዘ እጅ ይከበራል፤ ሽቦ የሚያጣምር እጅ ግን ማዕድ ላይ እንኳ በክፉ ዓይን ይታያል። አባቴ ይህችን ንቀት እስኪሞት ድረስ ከሆዱ አላወጣትም።

አዲስ አበባ መጥቶ እናቴን ብርኽቲን ካገባ በኋላ የኖርነው ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ዛሬ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ነው። ያኔ ግማሹ ቪላ፣ ግማሹ ባዶ ሜዳ ነበር። ቪላዎቹ ሲወረሱ አዳዲስ ሹማምንት ገቡባቸው። ምድጃው አልሞቅ ሲል፣ ፊውዝ ሲቃጠል፣ የሚጠሩት አባቴን ነው። ሲጠሩት «ጓድ ገብረዋሕድ» ይሉታል። ሠርቶ ሲጨርስና ዋጋውን ሲናገር «አንተ» ይሆናል።

1971 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 23፣ የላብ አደሮች ቀን፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ትበርህ የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ጓድ ዓለምሰገድ የሚባል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ የሆነ ሰው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገረ።

«ይህችን አገር የተሸከማት የሠራተኛው እጅ ነው! በፊውዳሉ ሥርዓት ባለ እጅ ሲናቅ፣ ሲሰደብ ኖረ። ዛሬ ባለ እጅ የአገሩ ባለቤት ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴም አጨበጨበ። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አርባ ዓመት ሙሉ ሊሰማው የፈለገውን ቃል አንድ ሰው በአደባባይ የተናገረለት መሰለው። ያንን ጭብጨባውን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በሳምንቱ የዚያው ሰው ሾፌር ቤታችን መጣ። «የጓድ ዓለምሰገድ ቦይለር ገላ ሲታጠቡ ይነዝራል፤ ና እይልን» አለው። አባቴ ደስ ብሎት ሄደ። የውሃ ማሞቂያውን ከፍቶ ሲያየው የውስጡ ማሞቂያ ተሰንጥቋል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከዚያም የባሰው፣ አፈትልኮ የወጣውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ኧርዝ የሚሉት፣ ከነጭራሹ የለም። አንድ ሰው ቤቱን ሲሠራ ለማትረፍ ብሎ ትቶታል። አባቴ ማሞቂያውን መለወጥ፣ ግድግዳውን ሰርስሮ ሽቦ ማውረድ፣ ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ መቅበር እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ዋጋው ዘጠና አምስት ብር ነው አለ።

ጓድ ዓለምሰገድ ጋዜጣውን አጥፎ ተነሣ።

«ለአንድ ሽቦ ዘጠና አምስት ብር?»

«ለሽቦው ብቻ አይደለም ጌታዬ...»

«ጌታ እዚህ የለም! ጓድ በል!»

«እሺ ጓድ። ስልሳው የዕቃው ነው፤ ደረሰኝ አመጣልዎታለሁ። ሠላሳ አምስቱ የሁለት ቀን የድካም ዋጋዬ ነው። ይህ ነገር እንዲሁ ከቆየ ሰው ይገድላል።»

«የሁለት ቀን ሠላሳ አምስት ብር! አስተማሪ በሁለት ቀን ይህን ያገኛል? ለመሆኑ ዲግሪ አለህ? ሽቦ ከሽቦ መቀጠል ደግሞ ምን ሙያ ሆኖ ነው! ሕዝቡን የምትመዘብሩት እናንተ ናችሁ። ሌባ!»

አባቴ ዕቃውን ሰበሰበ፤ የቦይለሩን ፊውዝ ነቅሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ሲወጣ የቤቱን ሠራተኛ፣ ፈለቀችን፣ በር ላይ አገኛት። ከመንዝ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

«ልጄ፣ ይህ ነገር እስኪሠራ ማንም እንዳያበራው። ካበሩት ግን በእርጥብ እጅሽ ቧንቧውን እንዳትነኪ። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ ጋሼ» አለችው።

ቤት ሲገባ ፊቱ ከስሎ ነበር። ምሳው ቀርቦ አልነካውም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ምናለ ሃምሳ ብትላቸው ኖሮ? ሰውየው እኮ ባለሥልጣን ነው» አለችው።

«ሃምሳ ካልኩ ኧርዙን ትቼ ነው። ኧርዙን ከተውኩ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አለና ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። አባቴ ጠረጴዛ ሲመታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እነዚያ ሰዎች ምን አደረጉ? ሾፌራቸው በአሥራ አምስት ብር፣ የተሰነጠቀውን ሳይለውጥ፣ ሽቦውን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ ፊውዙን መልሶ ሰካው። ውሃው ሞቀ። «አየሽ፣ ስምንት እጥፍ ሊያስከፍለን ነበር» አላት አሉ ጓድ ዓለምሰገድ ለሚስቱ። ሂሳቡ እንኳ ልክ አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፈለቀች ልብስ ስታጥብ ቧንቧውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች። ቧንቧው ያዛት፤ አልለቅም አለ። ዘበኛው በመጥረጊያ እንጨት መትቶ ባያላቅቃት እዚያው ትቀር ነበር። ስትወድቅ ግንባሯ በገንዳው ጠርዝ ተፈነከተ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አረሩ፤ ሐኪም ቤት ቆረጧቸው።

በማግስቱ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። ክሱ አሻጥር ነው፦ በኃላፊ ቤት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሚያድር የደረሰበት ያውቀዋል። አባቴ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ፣ ከስኳር ጆንያ ጋር፣ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። እናቴ ስንቅ እየያዘች ትመላለሳለች፤ እኔ ትምህርቴን ትቼ አብሬያት በር ላይ እቆማለሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ገረመው ይባላል። የሱቁን መብራት በሙሉ የዘረጋለት አባቴ ነው፤ «የጎረቤት ነው» ብሎ ሳንቲም አልተቀበለውም። ያ ሰው ነው እንግዲህ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የቀረበው። «በቸልተኝነት ሽቦውን ሳልሸፍን ትቼ ሄጃለሁ» ይላል ወረቀቱ።

«ፈርምና ወደ ልጆችህ ሂድ» አለው።

«የሠራሁትን አምጣና ልፈርም። ያልሠራሁትን ግን አልፈርምም። ሂዱና ቦይለሩን ክፈቱት! ያ ፕላስተር የማን እጅ እንደሆነ ሾፌሩን ጠይቁት!»

ማንም ሄዶ አላየም። ቦይለር ከፍቶ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም፤ የሚያውቀውን አስረውታል።

በዘጠነኛው ቀን ፈለቀች ከሐኪም ቤት ወጣች። ወደ ቪላው አልሄደችም። እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በእግሯ፣ በቀጥታ ቀበሌ መጣች። እኔና እናቴ በር ላይ ነበርን። ገረመው ፊት ቆማ እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«ጋሼ ገብረዋሕድ ነቅሎት ሄዶ ነበር። አትንኪ ብሎኛል። መልሶ የሰካው ሾፌሩ ነው፤ ያዘዘው ጓድ ዓለምሰገድ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ የምትይውን ታውቂያለሽ?»

«ጣቴን አጥቻለሁ፤ ሌላ ምን ትወስዱብኛላችሁ?»

ወሰዱባት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቪላው ስትመለስ ልብሷን በጨርቅ ቋጥረው ከግቢ አስወጧት። ስድስት ወር የሠራችበት ደመወዝ በእጃቸው ነበር። አባቴን ለቀቁት፤ ይቅርታ የለም፣ ተሳስተናል የለም። ገረመው «ሂድ፣ ግን አፍህን ያዝ» ብቻ አለው።

ፈለቀች ማረፊያ ስላልነበራት እናቴ ወደ ቤት አመጣቻት። አባቴ ያቺን የተቆረጠች እጅ ባየ ቁጥር ግቢ እየወጣ ይንጎራደድ ነበር። «ርካሹን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት» ይላል። «እሱ ሰማንያ ብር አተረፈ፤ እሷ ሁለት ጣት ከሰረች።»

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሩ በራችን ላይ ቆመ። ቪላው ውስጥ ማንም ቧንቧ መንካት ፈርቷል፤ ልጆቹ ገላቸውን ከታጠቡ ሰንብተዋል።

«የጠየቅኸውን ይከፍሉሃል» አለ ዓይኑን ሰብሮ።

እኔ አባቴ በሩን በላዩ ላይ ይዘጋበታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እንዲህ አለው፦ «ንገራቸው፤ ዋጋዬ ያው ዘጠና አምስት ነው። አልጨምርም፣ አልቀንስም። መጀመሪያ ግን የፈለቀችን የስድስት ወር ደመወዝና የሐኪም ቤቱን ወጪ ለራሷ፣ በእጇ ይስጡ። ያኔ ፒንሳዬን አነሣለሁ።»

ገንዘቡን ያመጣችው ሚስትየዋ ናት። ፈለቀች በግራ እጇ ተቀበለች። አባቴ ሁለት ቀን ሠራ፤ መዳቡን ቀበረ፤ ደረሰኙን ከነመልሱ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጓድ ዓለምሰገድ ከመኝታ ክፍሉ አልወጣም።

ነገሩ በዚህ ያለፈ እንዳይመስላችሁ። የሥራ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ተከለከለ። ዓመት ከመንፈቅ ዕቃውን በዘምቢል ደብቆ፣ እንደ ሌባ በጓሮ እየገባ ሠራ። ሌባ ያሉት ሰዎች የሌባ ኑሮ አኖሩት። ፈለቀች አንድ ዓመት አብራን ቆይታ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ኮተቤ አካባቢ ሻይ ቤት ከፈተች።

ስምንተኛ ክፍልን እንዳለፍኩ ኤሌክትሪክ መማር እንደምፈልግ ለአባቴ ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም።

«አንቺም ሌባ እንድትባዪ ነው? ዲግሪ የለሽም እንዲሉሽ ነው? ትበርህ፣ ቢሮ ግቢ! ወንበር ላይ ተቀመጪ!»

«አያቴም እንደዚሁ ብሎህ ነበር» አልኩት።

እናቴ ሁለታችንንም ተቆጣች። እኔ ግን ተመዝግቤ መጣሁ። በሳምንቱ አባቴ መርካቶ የተሰፋ ሰማያዊ ቱታ አልጋዬ ላይ ወረወረ። እጅጌው ረዝሞ ነበር።

«እጠፊው» አለኝ፤ ቁጣው አልበረደም። «እንዲህ ከሆነ ደግሞ ስሚ። ዋጋሽን ስትናገሪ መሬት መሬት አትዪ።»