የጫጩቴ ቆጣሪ

ሰፈርተኛው ጫጩቴ ይላታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ያለው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። ድሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈተና ወረቀት ስትተይብ ኖራ፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ሲያስገባ አንድ የምስጋና ደብዳቤና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ አሰናበታት። ሌላው ሰው በስንብት ገንዘቡ ሶፋ ሲገዛ እሷ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛች። ያን ጊዜ ባሏ ገና አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ማሽኑ ከመኪና ሲወርድ አይቶ ፍሪጅ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ማሽኑ የተቀመጠው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው አንድ አልጋ እንኳ በማታስገባ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መቶ ስልሳ አራት እንቁላል ይይዛል። ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል፣ እንቁላሎቹን ራሱ ያገላብጣል፤ ከሰው የሚፈልገው ውሃና ዝምታ ብቻ ነው ትላለች ጫጩቴ። እንቁላሉ በገባ በሃያ አንደኛው ቀን ቅርፊቱ ከውስጥ መሰንጠቅ ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ መብራት አንድ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ማሽኑን ብርድ ልብስ ደርባለት ታሳልፈዋለች። ከዚያ ከበለጠ ግን ያበቃለታል።

ማሽኑ የእሷ እንደሆነ ሁሉ የመብራት ቆጣሪው የባሏ ነበር። ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬም ግን ሾፌሩ ነው የሚባለው። ቆጣሪውን ሰዉ የካርድ ይበለው እንጂ ካርድ የለውም፤ ከሱቅ የሚገዛ ሃያ አሃዝ ያለው ቁጥር ነው የሚገባበት። ሾፌሩ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ ስንት እንደቀረ ያነባል። ቁርስ ላይ፣ ሌላው ሰው የኳስ ውጤት እንደሚያወራ፣ እሱ የቆጣሪውን ለሚስቱ ይነግራታል። ሲቀንስም የሚገዛው እሱ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ቁጥሩን አንድ በአንድ የሚያስገባው እሱ ነው። ጫጩቴ አንዳንዴ በየወሩ በቢል የሚከፈለው ይሻለን ነበር ስትለው ወሬ ይለውጣል። ልጅ ሳለ አባቱ ያልጠበቁት ቢል መጥቶባቸው ሬዲዮናቸውን ሲሸጡ አይቷል። ያንን ሬዲዮ ዛሬም አልረሳውም።

እንቁላሎቹ በገቡ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ የሾፌሩ ታላቅ እህት ሌላ ከተማ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው ተባለና ባልና ሚስት ለመሄድ ተነሡ። ጫጩቴ የማሽኑን ውሃ ሞላች፣ ሙቀቱን አየች፣ ባሏን ስለ ቆጣሪው ጠየቀችው። ሞልቻለሁ አላት። እህቲቱ በሰላም ከቀዶ ጥገናው ወጣች። እነሱም ሁለት ሌሊት አድረው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሱ።

ጫጩቴ ያወቀችው ገና የጓሮውን በር ስትከፍት ነው። የማራገቢያው ድምፅ አልነበረም። የማሽኑ ትንሿ መስኮት ጠቁራለች። እጇን ከታ አንዱን እንቁላል ብትነካው የወንዝ ድንጋይ ሆኗል። አውጥታ ሰበረችው። ጫጩቱ ላባ አብቅሎ፣ አንገቱን ክንፉ ሥር ወሽቆ ነበር። ሌላ አልሰበረችም።

ሾፌሩ ቆጣሪው ፊት ቆሞ፣ ዜሮ ነው የሚለው አለ። ተበላሽቶ መሆን አለበት፣ እንዲህ በልቶ አያውቅም አለ። ከሱቅ ሌላ ቁጥር ገዝቶ አስገባና መብራቱ መጣ። ጓሮ ጥግ ላይ እሱ ጉድጓድ ቆፈረ፣ እሷ እንቁላሎቹን በትሪ በትሪ አመላለሰች። ከዚያ ጫጩት ላዘዟት ሰዎች አንድ በአንድ ደውላ የሆነውን ነገረቻቸው። አንዷ ደንበኛዋ ስልኩ ላይ ስታለቅስ ጫጩቴ ነበረች ያጽናናቻት።

ከአራት ቀን በኋላ ልብስ ልታጥብ የባሏን ጃኬት ስትፈትሽ ከደረት ኪሱ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች። ሃያ አሃዝ ነው። የተገዛበት ቀን ከመሄዳቸው በፊት ያለው ቀን ነው። ገዝቶታል፤ ሳያስገባው ነው የሄደው። ጃኬቱን ሳፋው ውስጥ ዘፍዝፋ እጇን አደራረቀችና ወደ ቆጣሪው ሄዳ ቁጥሩን አስገባች። ቆጣሪው ያለ ምንም ችግር ተቀበላት። ወረቀቱን ቀዳድዳ ጣለችው፣ ለባሏም ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሩ እንደ ልማዱ ወጥቶ አነበበ። ቁጥሩ ያለ እሱ እጅ ጨምሯል። ሲመለስ ቁርስ ላይ ስለ ቆጣሪው ምንም አላወራም። ዳቦውን ግማሽ በልቶ ተወው።

በዚያው ሳምንት ጫጩቴ ቆጣሪውን በቢል ወደሚከፈለው ላስቀይር ነው አለችው። ውሉ በእኔ ስም ነው አላት። እንግዲያው አብረን እንሄዳለና አለችው።

የመብራት ኃይሉ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ጥያቄያቸውን ስትሰማ ግር አላት። ሰዉ ሁሉ ከቢል ወደ ካርድ ነው የሚሮጠው፣ እናንተ ምን ነክቷችሁ ነው ብላ፣ ቅጹን ፍለጋ ሁለት መሳቢያ ገለበጠች። በመጨረሻ ከጠረጴዛው እግር ሥር ተጣጥፎ አገኘችው፤ ለካ ጠረጴዛው እንዳይንገዳገድ ተወትፎ ኖሯል። ስማቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውን፣ የቆጣሪውን ቁጥር ሞላችና ቀና አለች።

“ለምን መቀየር እንደፈለጉ ምን ብዬ ልጻፍ፣ አባቴ?”

ጫጩቴ ልትመልስ ስትል ሾፌሩ ቀደማት።

“ሞልቻለሁ ብዬ ሳልሞላ ሄድኩ” አለ። “ወረቀቱ ኪሴ ነበር። ሁለት መቶ ስልሳ አራት እንቁላል ሊፈለፈል አምስት ቀን ሲቀረው ሞተ።”

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አንዴ እሱን አንዴ ሚስቱን አየች። “ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምጽፈው?”

“እንደነገርኩሽ።”

“‘ለሥራ አመቺነት’ በይው፣ የኔ ልጅ” አለች ጫጩቴ። ጸሐፊ ሳለች ስንቱን ነገር እንዲህ ብላ ተይባዋለች።

ሠራተኛዋም እንደዚያው ጻፈች፣ ሾፌሩ ፈረመ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መቼ እንዳወቀች ጠየቃት። ልብስ ሳጥብ አለችው። ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቃት፣ እሷም አልጠበቀችውም፤ በማያውቁት ሰው ፊት ሳይቀር የተናገረውን ሁለተኛ ማስደገም አልፈለገችም። በማግስቱ ግን የማሽኑን ክፍል በር፣ ዓመት ሙሉ ወለሉን እየፋቀ ሲጮህ የከረመውን፣ ነቅሎ ሞረደላት።

ባለሙያው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንዴ መጥቶ መሰላል ረስቶ ተመልሷል። አሮጌውን ቆጣሪ ሲፈታ ሾፌሩ አጠገቡ ቆሞ ስለ አዲሱ ያልጠየቀው ጥያቄ የለም፤ ሰውዬው መጨረሻ ላይ አባቴ እርስዎ ራስዎ ቢገጥሙት ይሻል ነበር አለው። ጫጩቴ በበነጋታው እንቁላል አስገባች። በሃያ አንደኛው ቀን ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ጫጩት ወጣላት። ለዚያች ስልክ ላይ ላለቀሰችው ደንበኛዋ መጀመሪያ ሰጠች።

የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ ሾፌሩ የፈራው ደረሰ። ቆጣሪ አንባቢው ሳይመጣ በግምት ተጽፎ ኖሮ፣ ከሚገባው እጥፍ ነበር። ሾፌሩ የቆጣሪውን ፎቶ በስልኩ አንስቶ ሁለት ቀን ተመላልሶ አስተካከለው። ጫጩቴም ፍርሃትህ ባዶ አልነበረም አለችው።

አሁን ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ እኔም ላስቀይር ወይ እያለች ትጠይቃታለች። ጫጩቴ አትገፋፋትም፣ አትከለክላትም። ቢል ተሳስቶ ሲመጣ ሄዶ የሚሰለፍልሽ ሰው አለሽ ወይ ብላ ነው የምትጠይቃት። ልብስ ሰፊዋ እስካሁን እያሰበችበት ነው።